ፓይተን ስቀይር ጥፋቱን በገንዘብ ያዣችን ላይ ያላከክሁበት እሑድ

ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ከሰጠሁ አምስት ዓመት ሆኖታል። የጻፍኩት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲሆን፣ የሚሠራው በ3.9 ቨርዥኑ ነበር። ለ3.9 የሚሰጠው የደኅንነት ጥገና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 ላይ ሲቆም ወደ 3.13 ልቀይረው ተነሳሁ። 3.14ም ወጥቷል፤ ግን አዲስ ቨርዥን ላይ መጀመሪያ የሚወድቀው ሌላ ሰው ይሁን ባይ ነኝ።

ዳታቤዙን ባክአፕ አደረግሁ፣ አዲሱን ጫንኩ፣ ሪፖርቶቹን ሞከርኩ። ሁሉም ሠራ። የቀረችው ክሪፕት ናት፤ ፓስወርድን በማይነበብ መልክ የምትለውጠዋ የፓይተን ክፍል።

3.13 ላይ 19 አሮጌ ሞጁሎች (ከፓይተን ጋር የሚመጡ ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) ከነአካቴው ወጥተዋል፤ ክሪፕትም አንዷ ናት። የአብዛኞቹን ስም እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ የኔ ፓስወርዶች ግን በሙሉ በክሪፕት የተሠሩ ናቸው። የፓይተን ሰዎች ከ3.11 ጀምሮ አስጠንቅቀናል ይላሉ። 3.9 ላይ ለተቀመጠ ሰው ማስጠንቀቂያው በየት በኩል ይደርሰዋል? የ3.12ን ሰነድ ከፈትኩ፤ ፓስሊብ የሚባለው ላይብረሪ (ለብቻው የሚጫን ዝግጁ ኮድ) የክሪፕትን ሥራ ሁሉ ይተካል ይላል። አመንኩ። ፓስሊብ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው በ2020 መሆኑን ያኔ ነበር ማየት የነበረብኝ። አሮጌዎቹን ፓስወርዶች እያነበበ፣ ሰው በገባ ቁጥር ቢክሪፕት ወደሚባለው ሌላ የፓስወርድ ማስቀመጫ ዘዴ እንዲቀይራቸው አደረግሁና ቅዳሜ ማታ ለቅቄው ተኛሁ። ሎግ ኢን አድርጌ እንኳ አልሞከርኩም።

እሑድ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ገና በጠዋቱ ገንዘብ ያዣችን ደወሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገርህ አላስገባም አለኝ እኮ። ሰው ተሰልፏል።»

ሎጉን (ፕሮግራሙ ስህተቱን የሚጽፍበትን መዝገብ) ሳየው «ፓስወርድ ከ72 ባይት መብለጥ አይችልም» ይላል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፓስወርድዎ ምንድነው?»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። 22 ፊደል ነው። ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ትንሽ አሃድ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 66። ሰባት ክፍት ቦታ ሲጨመር 73። በአንዲት ባይት አለፈ! የደስታዬን ነገር አልነግራችሁም። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ እንዲያውም አለሳልሼ ብየዋለሁ። ከዳታቤዙ ገብቼ «12345678» አደረግሁላቸው።

ያው ኤረር። ስምንት ባይት ከ72 ይበልጣል ተብዬ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ወደ ካርኒ ተመለሱ፤ እኔ ከሰዓት በኋላ ድረስ የራሴን ኮድ ስበረብር ዋልኩ። ችግሩ ኮዴ ውስጥ አልነበረም። ፓስሊብ ቢክሪፕትን መጀመሪያ ሲያነሳው፣ የድሮ ጉድለት እንዳለበት ለመፈተን ራሱ ባለ 255 ባይት ፓስወርድ ይሰጠዋል። የድሮው ቢክሪፕት ከ72 በላይ ያለውን ዝም ብሎ ይቆርጥ ነበር፤ በ2025 የወጣው የቢክሪፕት 5.0 ቨርዥን ግን አልቀበልም ይላል። የቢክሪፕት ሰዎች በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው፣ ዝም ብሎ መቁረጥ አደገኛ ነው። ግን ረጅሙን ፓስወርድ የሰጠው ማን እንደሆነ ኤረሩ ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

ለዕለቱ ቢክሪፕትን ከ5 በታች ወዳለው መለስኩት፣ ሠራ። እኔን የሚያናድደኝ የራሴ ነገር ነው፦ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር ስጽፍ የቨርዥን ቁጥር አልጻፍኩም፣ ስለዚህ ፒፕ (ላይብረሪዎችን የሚጭነው ፕሮግራም) የመጨረሻውን አመጣልኝ። ምን ያድርግ።

ሰነዱ የፈለገውን ይበል፣ ፓስሊብን ለአዲስ ሥራ አትንኩት። ተጠቃሚዎቻችሁ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ቢክሪፕትንም ተዉት፤ 24 ፊደል ለኛ ሰው ተረት አይበቃም። እኔ በሳምንቱ አርጎን 2 ወደሚባለው ሌላ የፓስወርድ ማስቀመጫ ዘዴ ዞርኩ፣ ያ የ72 ባይት ገደብ የለበትም።

ገንዘብ ያዣችንን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። አሁን ከሎሚው የረዘመ ሌላ ተረት አስገብተዋል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።