ፊልተሩ ዋስትና የለውም

ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፓችን ውስጥ እንጨት አይቆረጥም። ሰዓቱ ሰጋቱራና ብናኝ የሚስበው ማሽን፣ የቫኪዩሙ ነው። ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ገመዱና ቱቦው ይታያል። ረዳቴ መጀመሪያ አካባቢ ነገሩ አይዋጥለትም ነበር። «ጋሼ፣ መጥረጊያ እያለ ለአንድ ማሽን ይሄ ሁሉ?» ይለኝ ነበር። አሁን እኔ አፌን ሳልከፍት ክዳኑን አንስቶ ይጠብቀኛል።

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51 ሜጋ ዋቱም ባለ 153ቱም፣ እዚህ የተተከሉት በምክንያት ነው። ያው ነፋስ በበጋ የመንገዱን አቧራ ይዞ በራችን ይገባል። በሩን ከፍተህ ስትጠርግ፣ ወጣልኝ ያልከው ሰጋቱራ ዞሮ መጥቶ ገና ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፋል። ዘግተህ ስትጠርግ ደግሞ አንተው ትስበዋለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዋንዛ ላይ እየተጠቀለለ የሚወርደው ፍቅፋቂ አይደለም። እሱ ይታያል፣ በእጅ ይታፈሳል። የሚያሳስበኝ ኤምዲኤፍ ነው፤ ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ። ሲቆረጥ ዱቄት ሆኖ ነው የሚበነው። ከዚያም ውስጥ ደቃቁ፣ ዓይን የማያየው፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ሳንባ ድረስም ይዘልቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በተለይ ከአፍንጫና በዙሪያው ካሉት ክፍተቶች ካንሰር ጋር ይያያዛል። ሙያውን ላስተማረኝ ሰው ይህን የነገረው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሲያስለው «የሙያው ነው» ይል ነበር። ረዳቴ ገና 20 ዓመት አልሞላውም። እሱም ነገ ያንን ሳል «የሙያው ነው» ብሎ እንዲቀበለው አልፈልግም። ለማሽኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜዬን አልሰጠውም ነበር።

ቫኪዩም ሲታፈን ያስታውቃል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ ፉጨት ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩ ጭነት በዝቶበት የሚያቃስት ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቱቦው ወይም ፊልተሩ ሲደፈን ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያጣል። ጭነቱ ስለሚቀልለት በባዶ ይፈጥናል። አደጋው ሙቀቱ ነው። አንዳንዱ ማሽን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዚያው በሚስበው አየር ነው፤ አየሩ ሲቆም ይግላል። ለሞተሩ የተለየ ማቀዝቀዣ ያለውም ቢሆን የአየር መግቢያው በብናኝ ከተሸፈነ አይተርፍም። ስለዚህ ፉጨቱ እንደተሰማ ረዳቴ ያጠፋዋል። መጀመሪያ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ከረጢቱን፣ ከዚያ ፊልተሩን ያያል።

ፊልተሩን የምናራግፈው ውጪ ነው፤ ማስክ አጥልቀን፣ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን። ጠርዙን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። እጥፋቶቹ ውስጥ የቀረውን ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያወጣዋል። ኮምፕሬሰር የሚያነሳም አለ። ግፊቱ ተቀንሶ፣ ራቅ ተብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ከሆነ እሺ። ጫፉን አስጠግቶ በሙሉ ኃይል መንፋት ግን ፊልተሩን ይበሳዋል። ቀዳዳው አይታይም። የሚታየው ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣው ጭስ መሳይ አቧራ ነው። ሄፓ የሚባለው ፊልተር 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ የሚይዘው ሳይቀደድና ዙሪያው በደንብ ገጥሞ ሲቀመጥ ብቻ ነው። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። እርጥቡን መልሰህ ከገጠምከው ብናኙ ሊጥ ይሆናል። ጀሶ ከገባበት ደግሞ እጥፋቶቹ ውስጥ ይጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ መጣል ነው። ቤታቸውን ሲያሳድሱ «ለአንድ ቀን አውሰን» የሚሉኝ ወዳጆቼ እምቢ ስላቸው የማልሰጠው ለዚህ መሆኑን ይወቁልኝ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልን ግን ርካሽ ነገር ነው። በቱቦውና በማሽኑ መካከል ክዳኑ ግጥም የሚል የቀለም ባልዲ አስገባን፤ ክዳኑ ላይ ሳይክሎን የሚባል አየር አሽከርካሪ ሾጣጣ ተተከለ። አየሩ ውስጡ ይሽከረከራል፣ ከባዱ ሰጋቱራ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል። ወደ ፊልተሩ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ባልዲው ወፍራም መሆን አለበት፤ ስሱን መምጠጡ ያጨማድደዋል። ብረት ስንቆርጥ ደግሞ ይህ ቱቦ አጠገባችን አይደርስም። አንዲት ፍንጣሪ ሰጋቱራ ውስጥ ገብታ ማንም ሳያያት ስትጨስ ልታድር ትችላለች።

አሁን ወደ ዋስትናው። ማሽኑ ሲገዛ የ1 ዓመት ካርድ ነበረው። ብዙ ሰው ካርዱን የሚያነበው ዕቃው ሲበላሽ ነው። እኔ በገዛሁበት ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሚሸፍነው ከፋብሪካ የመጣ ጉድለትን ነው። ፊልተር፣ ቱቦ፣ ከረጢትና ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን መዳብ እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) በሥራ የሚያልቁ ስለሆኑ አይካተቱም። በመብራት መዋዠቅ የተቃጠለም አይካተትም። ያልተፈቀደለት ሰው ብሎኑን ከፈታ ዋስትናው እዚያው ያበቃል። ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቢሆንም ካርዱን በክብር ነው የማስቀምጠው። ደረሰኙን በዚያው ቀን ፎቶ አነሳሁት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት ስለሚታተም ጽሑፉ ይጠፋል፤ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ቶሎ። የማሽኑ መለያ ቁጥርም ደብተሬ ላይ አለ። ካርድ ባይኖር እንኳ ሕግ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ «ለትልቅ ሥራ» ተብሎ ካርቶን ውስጥ ሲቀመጥ አልወድም። በመጀመሪያው ሳምንት አጥብቆ ማሠራት ነው።

ባለፈው ክረምት የቫኪዩሙ ማብሪያ ማጥፊያ አልሠራ አለ። የዋስትናው ጊዜ አላለፈም፣ ደረሰኙ አለ፣ ፊልተሩ ንጹሕ ነው። ወደ ገዛሁበት ሱቅ አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። ሳይከራከሩ ተቀበሉኝ። ግን መለዋወጫው የለም። «ሲመጣ እንደውላለን» ተባልኩ። ሳምንታት ሄዱ። የቁም ሳጥን ትዕዛዝ ደግሞ አይጠብቅም፣ እሱም ኤምዲኤፍ። በር ላይ ወጥተን፣ ማስክ ደርበን፣ ነፋሱ ጋብ ሲል እየጠበቅን ቆረጥን። ረዳቴ ማታ ሲታጠብ ከአፍንጫው የሚወጣው ቡናማ ነበር። ያንን ሳይ ተናደድኩ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት አሉ። ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ማብሪያ እኮ ነው። ጠዋት ብታመጣው ከሰዓት ትወስደዋለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በኋላ ማሽኑ ተሠርቶ በነጻ ተመለሰልኝ፤ ሱቁ ቃሉን ጠብቋል፣ ይህን መካድ አይገባም። ዋስትናው የከፈለልኝ ግን የአንዲት ማብሪያ ዋጋ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ልጁ ሳንባ የገባውን ማን ይከፍላል?

ከዚያ ወዲህ አቋም ይዣለሁ። የተበላሸው ሞተሩ ከሆነ ዋስትናውን እጠብቃለሁ። ማብሪያ፣ ገመድ ወይም ካርቦን ከሆነ እዚሁ አዳማ ይፈታል፤ ዋስትናው ይቅርብኝ። በብር ካሰላነው ከስሬ ይሆናል። ይሁን።

ዘመዴ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ዲዎልት ድሪልም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ድርጅቱ እዚያ ለብዙ መሣሪያዎቹ የ3 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ለእኔ ግን ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ወረቀት ነው። ቻርጀሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምሰካው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቀጥታ እንዳይመታው ሶኬቱን መንቀል ልማዳችን ነው። እሱን የሚጠብቅልኝ ይሄ ነው።

አሁን መሣሪያ ልገዛ ሱቅ ስገባ ስለ ዋስትናው ዓመት አስቀድሜ አልጠይቅም። «ፊልተሩ ለብቻው ይሸጣል? ካርቦኑስ?» ነው የምለው። መልሱ «ይመጣል» ከሆነ አመስግኜ እወጣለሁ። አዛውንቱ ካርቦን ሲጠፋ ከሌላ ማሽን ትልቁን ወስደው በብርጭቆ ወረቀት እየሞረዱ ይገጥሙታል። ቀስ ብለው፣ እያስገቡ እያወጡ፣ መያዣው ውስጥ ሳይነቃነቅ ግን ሳይጣበቅ እንዲንሸራተት ያደርጉታል። ግን እሳቸው ራሳቸው ጠንካራ ካርቦን መዳቡን ስለሚበላው ትክክለኛውን ብታገኝ ይሻላል ይላሉ። ሁለት ጥንድ አግኝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የቀረን የሳንደሩ፣ የእንጨት ማለስለሻው ማሽን ነገር ነው። የአቧራ መውጫው ከቱቦአችን ጋር አይገጥምም፣ ረዳቴ በፕላስተር እየጠቀለለ ነው የሚሠራው። ሰኞ ልኩን ይዤ ቶርኖ ቤት እሄዳለሁ።