ቡናና ፍል ውኃ የሚሰጥ ማሽን ስገዛ ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ቡናና ፍል ውኃ የሚሰጥ ማሽን ለቤቴ በገዛሁበት በ2015 ዓ.ም. ሻጩን ስለ ዋጋው፣ ስለ ዋስትናው፣ ስለ ቀለሙም ሳይቀር ጠይቄዋለሁ፤ ዋናውን ጥያቄ ግን አልጠየቅሁትም። «ይህ ማሽን ውኃውን ማሞቅ የሚያቆመው ስንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው?» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ወር የፈጀ ጭንቀት፣ የቀለጠ ሶኬትና ለጥገና በከንቱ የወጣ ገንዘብ ይቀርልኝ ነበር። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ እየኖረ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

ማሽኑን የፈለግሁት ጀበናን ለመተካት አይደለም። በእኛ ቤት እሑድና በበዓል ቀን ቡና ተቆልቶ በጀበና ይፈላል፤ ይህም አይቀርም። በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ሰርቪስ አይጠብቀኝም፣ ባለቤቴ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ታዘጋጃለች፣ እናቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብርድ እንዳይመታት ጦስኝ በፍል ውኃ ዘፍዝፋ መጠጣት ትወዳለች። አንድ ምድጃ ላይ ሁሉም ሲሻማ ማየት ስለሰለቸኝ፣ ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ዕቃ ይሻላል አልሁ።

በካፕሱል የሚሠራውን ዓይነት ወዲያው ተውሁት፤ ቡና በሚበቅልበት አገር እየኖርሁ የታሸገ ቡና ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አልፈለግሁም። በግፊት የሚሠራው የኤስፕሬሶ ማሽን መልካም ነው፤ ነገር ግን ለቤት ከሚሸጡት ውስጥ ያየኋቸው ፍል ውኃውን የሚሰጡት በእንፋሎት መውጫቸው በኩል ስለሆነ አንድ ፔርሙስ ለመሙላት ዕድሜ ይፈጃሉ። ስለዚህ ቡናውን በወረቀት ማጣሪያ እያንጠባጠበ የሚያወጣ፣ በጎኑ ደግሞ ራሱን የቻለ የፍል ውኃ ማጠራቀሚያና መቅጃ ያለው ዓይነት መረጥሁ። በዚህ ምርጫዬ አሁንም አልጸጸትም። ቡናውና ውኃው በአንድ አፍ የሚወጡበትን ማሽን ዘመድ ቤት አይቻለሁ፤ ምንም ያህል ቢታጠብ ሻዩም ጦስኙም ቡና ቡና ይላል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ቀላል ነበር። ወንድሜ ከአሜሪካ ልላክልህ ብሎኝ እንቢ አልሁ፤ የዚያ አገር ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል። እኔ የገዛሁት 1,450 ዋት የሚወስድ ነው፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር ሲበራ የኮንዶሚኒየማችን ብሬከር ስለሚወርድ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አናበራም። መርካቶ ሄድሁ፤ ሻጩ ቡና አፍልቶ አቀመሰኝ፤ የፍል ውኃውን ክፍል ግን «እሱ ጊዜ ይወስዳል» ብሎ አላሳየኝም፤ እኔም አላስገደድሁትም። ከፍዬ ወጣሁ።

ችግሩ የጀመረው በመጀመሪያው ጠዋት ነው። መመሪያው እንደሚለው፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ሲዘጋጅ ቀዩ መብራት ወደ አረንጓዴ መለወጥ ነበረበት። ውኃው ተንፈቅፍቆ ፈላ፤ እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር እየወጣ የቁም ሣጥኑን በር አራሰው፤ መብራቱ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። እኛም ፍል ውኃው እስከተገኘ ድረስ መብራቱ ምን አገባን ብለን ተጠቀምንበት። በአምስተኛው ቀን ሁላችንም ከወጣን በኋላ ማሽኑ ሳይጠፋ ቀርቶ ኖሮ፣ ውኃው ተንኖ አልቆ ደርቆ ጠበቀን። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል አልሠራም።

ሻጩ ጋ ደወልሁ። «የቧንቧ ውኃ ኖራ አለው፤ የታሸገ ውኃ ይጠቀሙ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያውን ከባድ ስሕተት የሠራሁት። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ግን ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ዕቃውን ተሸክሜ ወደ መርካቶ መመለስ ደክሞኝ ሰፈራችን ወዳለ ጠጋኝ ወሰድሁት። ጠጋኙ ከፈተው። ያ ክፍት ብሎን በኋላ ላይ ዋስትናዬን ይዞብኝ ጠፋ።

ጠጋኙ የተቃጠለውን የሙቀት ፊውዝ አውጥቶ አሳየኝ። ይህ ፊውዝ ውኃውን ከሚያሞቀው ሬዚስታንስ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን አቃጥሎ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ መለወጥ እንጂ መመለስ የለም። ለወጠልኝ፤ ከፈልሁት። ከስምንት ቀን በኋላ ውኃው እንደገና ተንኖ አለቀ፤ ፊውዙም እንደገና ተቃጠለ። ለሁለተኛ ጊዜ ስወስድለት ሽቦ ቀጥሎ «ጋሼ፣ ቀጥታ አገናኝቼልዎታለሁ፤ ከእንግዲህ አይጠፋብዎትም» አለኝ። አመስግኜው፣ ጉርሻ ጨምሬለት ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ስለዚያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቤታችን እንዳይቃጠል የተቀመጠውን ብቸኛ ጠባቂ፣ ፊውዙን፣ ገንዘብ ከፍዬ አስነቅያለሁና። በአራተኛው ቀን እናቴ ብቻዋን ቤት ሳለች የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት፤ ወጥ ቤት ስትገባ የማሽኑ መቀመጫ ቀልጦ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል፤ ሶኬቱ ጠቁሯል። ዕቃውን ሳትነካ ብሬከሩን አወረደች። ተኝታ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልወድም። ጠጋኙን ሄጄ ስጠይቀው ያገኘሁት መልስ «እርስዎ ነዎት እንዲሠራ የፈለጉት» የሚል ነበር። በእሱ ተናድጃለሁ፤ ከእሱ ይበልጥ ግን ቀጥታ አገናኘሁት ሲለኝ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ በተቀበልሁት በራሴ ተናድጃለሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ዕቃው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በማይበልጥ ቦታ እንዲሠራ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፏል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የእህቴ ልጅ የፊዚክስ መምህርት ስለሆነች መመሪያውን ሰጠኋት፤ እሷም ቴርሞሜትር ይዛ መጥታ ድስት ውስጥ ውኃ አፈላች። ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ እሳቱን ምንም ያህል ብንጨምር ከዚያ አላለፈም። የአየሩ ግፊት ከፍ ባለ ቦታ ስለሚቀንስ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ባሕር ዳር 94፣ ደብረ ብርሃን 91 ገደማ ነው። ከዚያ የመመሪያውን ሠንጠረዥ አሳየችኝ፦ ማሽናችን ማሞቁን የሚያቆመው 96 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ክፍት በሆነ ማጠራቀሚያ ውስጥ እነዚያ አራት ዲግሪዎች እዚህ ከተማ መቼም አይሞሉም። ጅቡቲ ላይ ያለ እንከን የሚሠራው ዕቃ እኛ ቤት ውኃው እስኪደርቅ ድረስ ሲያፈላ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ኖራው ምንም አላደረገም፤ ፊውዙም ሥራውን በታማኝነት ሲሠራ ነበር።

መመሪያውን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስሁ። ደረሰኙ ላይ የታተመውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን አሳዩኝ፤ ቀጥለውም የተከፈተውን ብሎን። ለዚህ ከፍታ ያልተሠራ ዕቃ በዚህ ከተማ እየሸጡ መሆናቸውን ብነግራቸውም፣ ያንኑ ሞዴል ከኋላቸው ከመደርደሪያው አላወረዱትም።

ሁለተኛውን ማሽን የገዛሁት ቴርሞሜትር በኪሴ ይዤ ነው። ሙቀቱን ራሴ የምመርጥበት፣ ከ90 በታችም ምርጫ ያለው መሆኑን አረጋገጥሁ፤ ሻጩ ደስ ባይለውም የፍል ውኃው ክፍል 88 ላይ ሞልቶ ራሱን እስኪያጠፋ ድረስ ወንበር ይዤ ተቀመጥሁ። ከመቅጃው ሥር የቤታችን ፔርሙስ መግባቱንም ለካሁ፤ የመጀመሪያው ከብርጭቆ በላይ አያስገባም ነበር። ዋት፣ ቀለምና የአዝራር ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ሙቀቱን የማይነግርህ ሻጭ ካጋጠመህ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂድ።

በአጠቃቀም ላይ ከመመሪያው የምለይባቸው ጉዳዮች አሉ። መመሪያው ለአንድ ስኒ አንድ ማንኪያ ቡና ይላል፤ እኔ ለአንድ ሊትር ውኃ ወደ 70 ግራም እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ውኃው ቡናው ላይ የሚወርደው ቀዝቀዝ ብሎ ስለሆነ በመመሪያው ልክ የተፈላው ቡና ቀጭን ይሆናል። ለጀበና የተወቀጠው ቡና ደግሞ ለዚህ አይሆንም፤ ልም ስለሆነ ወረቀቱን ይደፍንና ውኃው ከላይ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ሸካራ አድርጌ ለብቻው አስፈጫለሁ። ቡናውን ማሽኑ ላይ እንደሞቀ ለሰዓታት ማቆየት ይቻላል ይላሉ፤ ይመርራል፤ ወዲያው ወደ ፔርሙስ መገልበጥ ይሻላል፤ መብራት ቢጠፋም ቡናው አለ። የታሸገ ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ ሲትሪክ አሲድ በውኃ በጥብጦ በየወሩ አንድ ጊዜ ማፍላትና ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ በቂ ነው። አቼቶን ሞክሬው ነበር፤ ያጸዳል፣ ነገር ግን ሽታው በእናቴ ጦስኝ ላይ ሳምንት ሙሉ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ማሽን አሁንም በረንዳ ላይ በካርቶን ውስጥ አለ። መቀመጫው ተጠግኖ፣ የቡናው ክፍል ይሠራል ተብሎ ሊገዛው የመጣ ሰው ነበር፤ ቤቱ የት እንደሆነ ስጠይቀው እንጦጦ ሥር አለኝ። የፍል ውኃውን ገመድ ቆርጬ ካልጣልሁ አልሸጥልህም አልሁት፤ እሱም የፈለገው ፍል ውኃውን ስለነበር ሳንስማማ ቀረን።