«የዘራችን ነው» የሚባለው የድድ በሽታና የሚተከል ጥርስ

ጎንደር ላይ ገና በ40 ዓመቱ ጥርሱ የሚነቃነቅበት ሰው «የዘራችን ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነበር» ይላል። ብዙም አልተሳሳተም። በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት በአዋቂዎች የድድ በሽታ ላይ ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉን ከዘር ጋር አያይዞታል። ከአባት የሚወረሰው የሰውነት ቁጡነት ነው፤ ጥርስ ላይ ለተጠራቀመ ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ድዱ ከልክ በላይ ይቆጣል፣ ጥርሱን የያዘውን አጥንት የሚበላውም ይኸው መቆጣት ነው።

ብዙ የተወራለት የኢንተርሉኪን 1 (የሰውነትን መቆጣት የሚቀሰቅስ ፕሮቲን) ዘረመል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጋራ በማያጨሱ ሰዎች ላይ ከከባድ የድድ በሽታ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ከሕዝብ ሕዝብ ተለያየ፤ በተተከለ ጥርስ (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ የብረት ብሎን ላይ በሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላይም አንድ ወጥ መልስ አልተገኘም። ስለዚህ ጥርስ ለማስተከል ብሎ ለዘረመል ምርመራ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ወንድምና እህትን መጠየቅ ይበልጣል፤ በተለይ የአንድ ጎረምሳ ድድ ንጹሕ መስሎ የፊት ጥርሶቹና የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎቹ ብቻ ከተነቃነቁ ታናናሾቹም ይታዩ። የወተት ጥርሱ ያለጊዜው የሚወድቅ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ የሚሻክር ሕፃን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ የካቴፕሲን ሲ ዘረመል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ የሚመጣ ብርቅ በሽታ ነው። (ሰባት ቤት መቁጠር እዚህ ላይ ይጠቅማል።)

ከማስተከል በፊት ሐኪሙ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ኪስ ጥልቀት ይለካ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከድድ ሥር ይጠረግና ከ3 ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል። 6 ሚሊ ሜትር ኪስ እያለ መትከል ለባክቴሪያው አዲስ ቤት መሥራት ነው። የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳሩን የሦስት ወር አማካይ (HbA1c) ከ7 በመቶ በታች ያውርድ፤ ሲጋራም ይቁም። የወይራ መፋቂያ የጥርሱን ፊት ያጠራል፣ በጥርስና ጥርስ መካከል ግን አይገባም፤ ለዚያ ቀጭን የመሃል ብሩሽ ያስፈልጋል።

የተተከለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተነቃነቀ አጥንቱ ሲበሳ ግሎ ወይም ሳይጣበቅ ጫና አርፎበት ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ መግል ከያዘ ደግሞ ሽፋኑ (ብሎኑ ላይ የሚቀመጠው ጥርስ መሳይ) ሲለጠፍ ከድድ ሥር የቀረ ሲሚንቶ ይፈተሽ። ሽፋኑ የገባ ዕለት የተነሳው ራጅ ከሌለ አጥንቱ ምን ያህል እንደወረደ ማወቅ ያስቸግራል። አዲስ አበባ አስተክሎ ጎንደር የሚከታተል ሰው ራጁን፣ የብረቱን ዓይነትና ውፍረቱን በወረቀት ይቀበል፤ የብሎኑ መፍቻ እንደ አምራቹ ይለያያል።