ቶርኖው በትርፍ ሰዓቱ

ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) የሚያውቅ ሰው ግቢዬ ገብቶ ማሽኑ ላይ ክብ ኮምፔንሳቶ ታስሮ ሲያይ ፊቱ ይቀየራል። አንድ የሙያ ጓደኛዬማ «የሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ማሽን እንጨት መፈግፈጊያ አደረግከው?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ደግሞ ቡሽ (የማሽን ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) የሚያስቆርጥ ደንበኛ በሌለበት ቀን ቆሞ አቧራ ከሚጠጣ እንጨት ቢያለሰልስ ምን ይለዋል ባይ ነኝ። ያውም ጅማ ተቀምጠን! ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው እዚህ አገር እንጨት ምን ያህል እንደሚከበር አይጠፋውም።

ነገሩን ያመጡት በርጩማ የሚጠርቡት ጎረቤቴ ናቸው። ከአንድ ግንድ ዋንዛ፣ በመጥረቢያና በመሮ ብቻ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያወጣሉ። ሦስት እግር ወለሉ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም፤ አንዱ ከረዘመ ግን መቀመጫው ያዘነብላል። የእግሩን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ማስተካከል ደግሞ ክንድ ያዝላል፤ የእንጨቱ ጭረት ወደ ላይ የቆመበት ቦታ ስለሆነ ቶሎ አይበላም።

ይህን ሥራ ነው ለቶርኖው የሰጠሁት፤ የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ዲስክ እያዞረ እግሩን ያለሰልሳል። ዲስኩ ውፍረቱ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ስፋቱ 300 ሚሊ። ቶርኖዬ ከአልጋው (የቆራጩ መያዣ ከሚንሸራተትበት ብረት) በላይ እስከ 320 ሚሊ ያዞራል፤ ስለዚህ ለጥቂት አለፈ። ቻኩን (የሚቆረጠውን ነክሶ የሚያዞረውን መያዣ) አውርጄ በቦታው ፌስ ፕሌት (ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ የብረት ክብ) አሰርኩና ኮምፔንሳቶውን ከኋላ በአራት ቡሎን ያዝኩት። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የምወደው ሥራ። ቆራጩን አስጠግቼ በቀስታ ሳዞረው መጀመሪያ የሚነካው ከፍ ያለውን ጎን ብቻ ነው፤ «ጭር» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ «ጭር»። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ዝምታው ያጥራል። በመጨረሻ ድምፁ ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ሲሆን ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ተስተካክሏል ማለት ነው፤ መለኪያ እንኳን አያስፈልገውም። ከገበያ የተገዛ ዲስክ ይህን ያህል ቀጥ ብሎ አይዞርም፤ ይኼኛው የተላገው በሚዞርበት ቦታ ላይ ነዋ።

ፊቱን ቫርኒሽ ቀብቼ አደረቅኩት፤ ወረቀቱ ሲነሳ እንጨቱን ይዞ እንዳይላጥ ነው። ከዚያ ዲስኩንም ባለ 80 ቁጥር ወረቀቱንም ማስቲሽ ቀብቶ፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቆ መለጠፍ። ሲያልቅ በካውያ ሞቅ ካደረጉት ይላቀቃል።

የእንጨቱ ማስደገፊያ ጠረጴዛ የቆራጩ መያዣ ቦታ ላይ ይታሰራል፣ ከዲስኩ 2 ሚሊ ያህል ርቆ። እንጨቱን በእጅ መግፋት ይቻላል፤ ጠረጴዛው ላይ አስሮ በቶርኖው መዘውር ማስጠጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ከአንዱ እግር ግማሽ ሚሊ ይነሳ ከተባለ ቁጥሩን አይቶ ግማሽ ሚሊ ማንሳት ነው። የትኛው የእንጨት ቤት ማለስለሻ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ዲስኩ በደቂቃ 1000 ዙር ሲሄድ ዳሩ በሴኮንድ ወደ 16 ሜትር ይጓዛል፣ መሀሉ ደግሞ ባለበት ነው የሚዞረው። ስለዚህ እንጨቱን ከዳር ወደ ውስጥ እያመላለሱ መሥራት ነው፤ አንድ ቦታ ከቆመ ይጠቁራል። በተለመደው አዟዟር ዲስኩ በሠራተኛው በኩል ወደ ታች ስለሚሄድ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል። በወዲያኛው በኩል ከተጠጋ ግን አንስቶ ይወረውረዋል።

ጓደኛዬ የተቆጣው በከንቱ እንዳልሆነ ግን አምናለሁ። ከወረቀቱ የሚረግፈው ብናኝ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ የቶርኖውን አልጋ ይበላል። ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መካኒኮች ቫልቭ ሲያፋጩ ከሚቀቡት ነገር በምንም አይለይም። ስለዚህ ከሥራ በፊት ዘይቱን ሙልጭ አድርጌ እጠርጋለሁ፤ አልጋውን በሸራ ሸፍኜ ዳር ዳሩን በማግኔት እይዛለሁ። ስጨርስ በብሩሽና በቫክዩም ነው የማጸዳው። በኮምፕረሰር መንፋት አይሆንም፣ ብናኙን ተንሸራታቹ ሥር ይወሽቀዋል። ከዚያ አዲስ ዘይት። ክረምት ላይማ ሰጋቱራ አልጋው ላይ አድሮ አይነጋም፤ የጅማን እርጥበት ጠጥቶ ብረቱን ያዝገዋል። ዲስኩ ላይ ብረት ማስነካትም የለም፣ ፍንጣሪው ሰጋቱራ ውስጥ ከገባ እሳት ነው።

ጓንት አላደርግም፤ የሚዞር ነገር ከያዘው እጅን ይዞ ነው የሚሄደው። አፍንጫዬን ግን እሸፍናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥራዝ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጎረቤቴ ግን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ነው ዲስኩን ጠጋ ብለው ማየት የሚፈልጉት።

«አባባ፣ ጋቢዎን ያውልቁና ይጠጉ።»

«ብርድ ነው እኮ ልጄ!»

«እንግዲያው በር ላይ ሆነው ይዩ።»

በር ላይ ሆነው እያዩ «አሁንም ረዝሟል፣ ያኛው እግር» ይሉኛል፤ ስለካው እውነታቸውን ነው።

የመቀመጫውን ጎድጓዳ ዲስኩ አይደርስበትም፤ እሱን ዛሬም በእጃቸው ነው የሚያለሰልሱት። ለዚያ ስፖንጅ የተደረበበት ትንሽ ክብ ቻኩ ላይ ለማሰር አስቤያለሁ፤ ስፖንጁ ተገንጥሎ እንዳይበር ግን ከ600 ዙር በላይ አላስኬደውም።