አፍንጫዬ ያመጣው ጣጣ

አለቃዬ ይህንን ታሪክ ለደንበኛ ሲያወራ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በሁለቱም ጊዜ ያሸተተው እርሱ ነው። ጉሎን በፍሬውም በቅጠሉም ለይቶ የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ እንዳሸተተ አልጠየቅሁትም። ለሦስተኛ ጊዜ ከማውራቱ በፊት ግን እኔም የበኩሌን ልጻፍ።

የምሠራው ሲያትል አጠገብ በሚገኝ የጀልባ ሞተር መጠገኛ ነው። ብርዱ ሲጠና የዓሣ አስጋሪዎቹ ሥራ ይቀንስና የሽማግሌዎቹ ወቅት ይገባል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጋራዥ ውስጥ የኖረ የውድድር ሞተር በመኪና ጭነው ይመጣሉ። ችግሩ ሞተሩን ሰጥተው አለመሄዳቸው ነው። ወንበር ይስባሉ፣ ቡናቸውን ይይዛሉ፣ የምፈታትን እያንዳንዷን ብሎን እየተከታተሉ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ማን ማንን እንደቀደመ ይከራከራሉ። እኔ ሙያውን የለመድሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ተሳላሚና ቱሪስት ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ ጀልባዎችን ሞተር እየጠገንሁ ነው። እዚያ የሞተር ክብሩ የወሰደውን ሰው ይዞ መመለሱ ነው፤ ማን ቀደመ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያን ጊዜ የመጣው ሞተር በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ሜርኩሪ ማርክ 20ኤች ነበር። ሁለት ሲሊንደር፣ ወደ 330 ሲሲ። ማርሽ መቀየሪያ የለውም፤ ገመዱን ጠምጥመው ሲጎትቱት ከተነሣ መሮጥ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ ስላቸው ስለነበር እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ። ሞተሩን ጋዜጣ እያደሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ አዲሱን እንደገዙት፣ የሌላ ሰው እጅ እንዳልነካው፣ ከቤንዚንና ከተራ ዘይት በቀር ምንም እንዳልቀመሰ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ በሚወዳደርበት የውድድር ክፍል ደንቡ ይኸው ነው፤ አሸናፊው ሞተሩ ተፈትቶ ይለካል።

አጠገባቸው የማይለዩአቸው ጓደኛቸው ተቀምጠዋል። ጓደኛ ልበል እንጂ ሁለቱን ያስተሳሰራቸው አንድ ሽንፈት ነው። ከዋሺንግተን ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኬንሞር ተነሥቶ በጠባቡ የሳማሚሽ ወንዝ ሽቅብ እስከ ሳማሚሽ ሐይቅ የሚሄድ ውድድር ነበር። ወንዙ ጥምዝምዝ፣ ተመልካቹ ዳርና ዳሩን የቆመ፤ ኩርባውን የሳተ ጀልባ ሣር ላይ ይወጣል። ዛሬ በዳርቻው የብስክሌት መንገድ አለ፤ ወርጄ አይቼዋለሁ፤ በእግር ስሄድ እንኳን የሚያስፈራ ኩርባ ነው። የዚያን ቀን የእኛ ደንበኛ ቀደሙ፣ ጓደኛቸው ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ የሚያወሩት ስለዚያው ነው።

ፒስተኖቹ ተጣብቀው ነበር። ዘይት አፍስሼ ሦስት ቀን አቆየኋቸው፤ እንቢ አሉ። በአራተኛው ቀን ሙቅ አየር የሚነፋውን መሣሪያ አምጥቼ ሲሊንደሩን ቀስ እያልሁ አሞቅሁት። የጭስ መውጫው አፍ ላይ ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የደረቀ ነገር አለ። እርሱ ለስለስ ብሎ መቅለጥ ሲጀምር ሽታው መጣ። እጄ ቆመ። እናቴ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ፣ ጢሱ ጓዳውን ሞልቶ እኔን ወደ ደጅ ሲያስወጣኝ የማውቀው ሽታ ነው።

«ጉሎ!» አልሁ። በአማርኛ።

«ምን አልክ?» አሉ ጓደኛቸው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ናፍቆቱም የሙያ ኩራቱም አንድ ላይ መጣብኝና ማስረዳት ጀመርሁ። ይህ የጉሎ ዘይት ነው፤ እኛ አገር በየጓሮው ይበቅላል፤ ሲቆይ እንዲህ ሙጫ ይሆናል፤ ከቤንዚን ጋር እሺ ብሎ አይዋሐድም፤ የሚስማማው ሜታኖል ከሚባለው የአልኮል ነዳጅ ጋር ነው፤ ስለዚህ ይህ ሞተር... ሜታኖል የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሜታኖል የሚነዱት በሌላ ክፍል ነው። ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ጉልበት ይጨምራል፤ እርሳቸው በተወዳደሩበት ክፍል ግን ክልክል ነው።

ጓደኛቸው ቡናቸውን ወለል ላይ አስቀመጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ።

«እስቲ ደግመህ አሙቀው» አሉኝ።

«ምናልባት ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይሆናል» አሉ ባለቤቱ።

«አዲስ ነው የገዛሁት አላልክም?»

«ለእኔ አዲስ ነበር።»

«ያን ቀን እስከ ሐይቁ ድረስ ጢስህን ስውጥ ነው የሄድሁት። ጉንፋን ይዞኝ ምንም አልሸተተኝም። ስልሳ ዓመት ሙሉ የተሸነፍሁት በጉንፋኑ ነው እያልሁ ስናገር ኖርሁ!»

«እውነትህን ነው» አሉ ባለቤቱ። «በጉንፋኑ ነው።»

ሣቄን ለመዋጥ የሌለ ብሎን ከወለሉ ላይ መፈለግ ጀመርሁ። ጓደኛቸው ግን አልጨረሱም። ሜታኖል ከቤንዚን እጥፍ ያህል መፍሰስ ስላለበት ጂግለሩ፣ ነዳጁ የሚያልፍባት የካርቡራተሩ ቀዳዳ፣ መስፋት አለበት፤ ይህን እርሳቸውም ያውቃሉ። «ካርቡራተሩን ፍታው» አሉኝ። ባለቤቱ መልስ አልሰጡም፤ መዳፋቸውን ብቻ ካርቡራተሩ ላይ ጫኑት። ያ የተሸበሸበ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ እዚያው ተቀመጠ። ቀጥለው ራሳቸውን ለመከላከል የፋብሪካውን ስም አነሡ፦ ሜርኩሪ ራሱ በ1947 «10 ፈረስ ጉልበት» ብሎ የለጠፈበት ሞተር ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ጉልበት አልነበረውም? እርሱን ማን አጭበርባሪ አለው?

ጩኸቱን ሰምቶ አለቃዬ ገባ። ወደ ጎን ወስዶ «ደንበኛ ፊት ሞተር ይከፈታል እንጂ አፍ አይከፈትም» አለኝ። ልክ ነበር፤ ዛሬ ታሪኩን ለማያውቀው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያወራው ራሱ መሆኑ ነው እንጂ። ማታ እንቅልፍ አጣሁ። የአንድን ሽማግሌ የስልሳ ዓመት ድል በምጣድ ሽታ አፈረስሁበት እያልሁ ስገላበጥ አደርሁ። ሁለቱም ሁለት ሳምንት ጠፉ። በዚያ መካከል ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ጂግለሩንም ለካሁት። ስንት እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርሁም፤ እዚህም አልናገርም።

በሦስተኛው ሳምንት በአንድ መኪና መጡ። ሞተሩን ውኃ በተሞላው በርሜል ላይ ገጥሜ አስነሣሁት፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ባለቤቱ ሒሳቡን ከፈሉ፣ ለእኔም ጠቀም ያለ ጉርሻ ጨመሩ፤ ስለ ጉሎ አንድም ቃል አልተነሣም።

ከወር በኋላ ጓደኛቸው ብቻቸውን መጡ። የራሳቸውን ሞተር በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልለው አምጥተዋል፤ እርሱም ተጣብቋል። ጠረጴዛው ላይ ካሳረፍነው በኋላ በሩን መለስ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይህኛውን አታሙቀው፣ ልጄ» አሉኝ። «ዘይት ውስጥ ይክረም። እኔ አልቸኩልም።»