ስምንት ወር ሰማኋት፣ እሁድ ዕለት አየኋት

እሁድ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ቅጥር አጠገብ፣ አንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ የድመት ወፍ የምላትን የደጋ ወፍ በዓይኔ አየኋት። አምስት ሰከንድ ቢሞላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ድምጿን ብቻ ስሰማ ኖሬ፣ ያን ዕለት ፊት ለፊቴ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ባይኖኩላሩን በቅጡ መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማወራው ስለሷ ነው። እናንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስለሚገባችሁ በደንብ ልተርክላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ የኔ ሳምንት እንዲህ ነው፦ ዓርብ ማታ ሙዚቃ፣ ቅዳሜ ማታ ፊልም፣ እሁድ ንጋት ወፍ። ሙዚቃው ይቀድማል። ፈንድቃ የባህል ማዕከል ካዛንቺስ በነበረ ጊዜ ዓርብን ሌላ ቦታ አምሽቼ አላውቅም። በ2017 ከዚያ ሲነሳ ሰው እንደሞተበት ነበር የሆንኩት። ጊዮን ሆቴል ግቢም የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ልሰማ ስንት ማታ ተመላልሻለሁ። ግቢው ዛፍ በዛፍ ነው። ያን ጊዜ ግን አንድም ቀን ቀና ብዬ እዚያ ላይ ምን አለ አላልኩም። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ፊልሙን ያስጀመሩኝ ጓደኞቼ ናቸው። ሳሎን ግድግዳ ላይ አንሶላ እንወጥራለን፣ ፕሮጀክተር አለን፣ ፈንዲሻና ቡና አይጠፋም። ሲኒማ ቤት ብዙም ያልቆዩ፣ ያየ ሰው ግን የማይረሳቸው ፊልሞች ናቸው ምርጫችን። ለኔ የሁሉ አውራ በፈረንጆቹ 2015 የወጣው «ክራምብስ» ነው። እዚሁ አገራችን የተቀረጸ፣ ዓለም ካለቀ በኋላ የሚሆን ታሪክ። ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው። 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንዱን ጊዜ ለአንሶላው ጀርባዬን ሰጥቼ በጆሮዬ ብቻ ተከታተልኩት። ምስሉን ሳይ ያለፉኝ ድምፆች አንድ በአንድ ወጡ። ጆሮዬ የተከፈተው ያን ማታ ነው ብዬ አምናለሁ። እስኪ እናንተም የምትወዱትን አንድ ፊልም እንዲህ ሞክሩት።

ወፉ መጨረሻ መጣ። አጀማመሬን አላስረዝመውም። ቁራ፣ ጭልፊት፣ ርግብ፣ መጽሐፍ ተውሼ ማገላበጥ፣ መሳሳት። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳለ ሳነብ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አሁን ደብተሬ ላይ 94 ደርሻለሁ።

ደብተር ካልኩ ስለሱ ትንሽ ላውራ። ሃምሳ ሉክ ተራ ደብተር ነው። የሰማሁትን ድምፅ ሁሉ በፊደል እጽፍበታለሁ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የወፍ ድምፅ ሲጽፉ እኔ ምኑም አይገባኝም። የኛ ፊደል ግን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ጠዋት በጣሪያ ላይ እየጮኸች የምታልፈውን፣ አንገቷ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለባትን ጋጋኖ «ኻ፣ ኻ፣ ኻ» ብላችሁ ስትጽፉ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ኻ የሚባል ፊደል አለን እኮ! የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ሳድሱን መደርደር ነው፦ ትርርርር። (በነገራችን ላይ የ«ክራምብስ» ዳይሬክተር በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ፊልም ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰላይ ስሙ ጋጋኖ ነው። ወፏ በጣሪያዬ ላይ ስታልፍ ሁሌ እሱ ትዝ ይለኛል።)

ወደ ድመት ወፏ ልመለስ። የድመት ወፍ የምላት የእንግሊዝኛ ስሟን (አቢሲኒያን ካትበርድ) መልሼ ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም። ጽድና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ትወዳለች። ባህር ዛፍ ብቻውን በወረሰው ዳገት ላይ ግን ብትፈልጓት ድካም ነው። ለዚህ ነው ጽዱ ያልተነካበት የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚሻለው።

መስከረም ላይ ነው መጀመሪያ የሰማኋት። ከቁጥቋጦው ውስጥ ጥርት ያለ፣ እንደ ዋሽንት ከፍ ዝቅ የሚል ዜማ መጣ። ወዲያው ከጎኑ ሌላ ነገር፦ ትርርርር። ደብተሬ ላይ «ያልታወቀ 1» እና «ያልታወቀ 2» ብዬ በሁለት ገጽ ጻፍኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ ሁለት የተለያዩ ወፎች እያሳደድኩ ነበር። አንዱን ስሰማ ሌላውን እንደ ረብሻ ነበር የምቆጥረው። የድምፅ መለያ አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር፤ አንዴ አንድ ስም፣ አንዴ ሌላ ስም ይሰጠኛል።

መፍትሔው የመጣው ከአዝማሪ ቤት ነው። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ዓርብ ማታ ነው። ወንዱ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይጀምራል፣ ሴቷ ስንኙ ሳያልቅ ከአፉ ትነጥቀዋለች። ከጥግ ጠረጴዛ አንድ ሰውዬ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ወረወረ። አዝማሪው ተቀበለ፣ እሷ ደግሞ ከሱ ተቀበለች። ያኔ ነው ብድግ ያልኩት። ሁለቱ ድምፆች ሁለት ዘፈን አይደሉም! አንዱ ይላል፣ ሌላዋ ትቀበላለች። ዘፈኑ አንድ ነው፣ ዘፋኞቹ ሁለት።

ቤት ገብቼ ዜኖ ካንቶ የሚባለው የወፍ ድምፅ ማከማቻ ላይ አብረው የሚዘፍኑ የደጋ ወፎችን ፈለግኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አገኘኋት። ያ ዋሽንት፣ ያ ትርርርር፣ አንድ ቅጂ ላይ። ሁለቱን ገጾች በስቴፕለር አንድ ላይ መታኋቸው። እስካሁን እንደተያያዙ ናቸው።

ስሟን አወቅኩ፤ ማየት ግን ሌላ ሥራ ሆነ። እዚህ ላይ የማልኮራበትን ነገር ልናገር። ጥር ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ድምፅዋን በስልኬ ከፍ አድርጌ ለቀቅኩላት። ስድስት ጊዜ። ሁለቱም ወደ እኔ ተጠጉ፣ ቁጥቋጦው ተርገፈገፈ፣ ድምፃቸው ግን ዜማ አልነበረም፤ የቁጣ ነበር። ወፍ የራሱ ዝርያ የሆነ የሌላ ወፍ ዘፈን ክልሉ ውስጥ ሲሰማ ወራሪ መጣብኝ ይላል። መብላቱንም ጎጆውንም ትቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ እዚያ ቦታ ዝም ሆነ። እኔ ነኝ ያባረርኳቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ አልለሳለስም፦ የተቀዳ ድምፅ አታጫውቱላቸው። «አንዴ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። አንዴ ያለ ሰው ስድስቴ ይላል።

የካቲትና መጋቢት እንዲሁ አለፉ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በጨለማ መውጣት፣ ቁልቁል ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱ እናቶች ጋር ሰላምታ መለዋወጥ፣ ቆሞ ዛፍ ጫፍ ማየት። አንድ ሌሊት ጅብ በጣም ቀርቦ ሲጮህ ሰምቼ እስኪነጋ ከጥበቃው ቤት በር አልተንቀሳቀስኩም።

ያዳኑኝም ጥበቃው ናቸው። በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ጋቢ ጠምጥመው ሁሌ ያዩኛል። ባለፈው እሁድ ቀስ ብለው መጡና «ልጄ፣ ሁልጊዜ ላይ ላዩን ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ወፍ ፈልጌ ነው አባባ። ያቺን እየተቀባበለች የምትዘፍነውን።»

«እሷማ ላይ አትወጣም። እዚያ ጽድ ሥር፣ ከአጥሩ ጋር ተቀመጥ። አትቁም፣ ተቀመጥ። ፍሬውን ልትለቅም ትመጣለች።»

ተቀመጥኩ። ባይኖኩላሩን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ቄሱ ይላሉ ሕዝቡ ይቀበላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሆነኝ። ከዚያ ትርርርር ከግራዬ፣ በጣም ቅርብ። ቀጥሎ ቅጠሉ ገለጥ አለና ወጣች። አመድማ ናት፣ መላ ሰውነቷ። ግንባሯ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለ። ዞር ስትል ከጅራቷ ሥር የሸክላ ቀለም ታየኝ፣ ልክ እንደ አዲስ ጡብ። አንድ ሰማያዊ የጽድ ፍሬ በመንቁሯ ያዘች። ከኋላዋ ሌላው ጀመረ፤ እሷ ፍሬዋን ውጣ ተቀበለች። ከዚያ ቅጠሉ ተዘጋ። በመልክ ወንዱና ሴቷ ስለማይለዩ «እሷ» የምለው በግምት ነው።

ምክር ለጠየቃችሁኝ፣ ያለኝን ልስጥ። ባይኖኩላር ለመግዛት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ተዋሱ። ስትገዙ 8 በ42 ይሻላል። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 እጥፉ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ ብርሃንም በተመሳሳይ መስታወት ይቀንሳል። አፑን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ሦስት ወር ባትነኩት እመርጣለሁ። ስልኩ ሲነግራችሁ ጆሮ ይተኛል። ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ እኔ ግን አቋሜ ነው። አዝማሪ ቤትም ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ። ግጥሙ የሚመጣው ዓይን ለዓይን ስትተያዩ ነው።

አሁን የያዘኝ ችግር ቀረጻ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱ ስልኩን ይመታዋል፣ ከአሥር ቅጂ ዘጠኙ ሹሹታ ብቻ ነው። የሱፍ ካልሲ አልብሼው ትንሽ ተሻሽሏል። ወፏን ካየሁባት እሁድ የተረፈኝ የ40 ሰከንድ ቅጂ አለ፤ መሃሉ ላይ ደወል ይመታል፣ ሁለቱ ወፎች ዝም ይላሉ፣ ደወሉ ሲያበቃ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እሱን ነፋሱን ቀንሶ ሊያጠራልኝ የሚችል ሰው ካለ ዓርብ ማታ ይምጣ። ቡናው በኔ ነው።