አፕዴቱ በላው የተባለው ፎቶ

«ፎቶዬ በሙሉ ጠፋ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የማየው ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዘ ነው። ፎቶ ቦታ ይበላል፤ አንድ ሠርግ ብቻ ሠላሳ አርባ ጊጋ ሊወስድ ይችላል። የምር ተሰርዞ ከሆነ ያን ያህል ባዶ ቦታ ተከፍቶ መታየት አለበት። ቦታው ካልተከፈተ ፎቶው የትም አልሄደም ማለት ነው፤ እኛ ነን ሌላ ክፍል ገብተን የምንፈልገው። ደሴ ውስጥ በምሠራበት የጥገና ሱቅ ለገባ ሁሉ ይህን እናገራለሁ። የደነገጠ ሰው ግን ጆሮ የለውም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶ ቤት ያላቸው ደንበኛዬ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ደወሉ። በደህናው ቀን ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው፤ የዚያን ዕለት ሰላምታውንም ዘለሉት።

«ልጄ፣ ይሄ አፕዴት የሚሉት ጉድ የስንት ዓመት ሥራዬን በላብኝ።»

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሱቃቸው ተዘርፎ ከባዶ የጀመሩ ሰው ናቸው። የድሮዎቹ ሠርጎች ሁሉ ያኔ ከኮምፒውተሩ ጋር ሄደዋል። ስለዚህ እንደዚያ መደንገጣቸው አልገረመኝም።

«ጋሼ አብሽሩ። ኮምፒውተሩ አሁን በርቷል?»

«በርቷል። ነቅዬ ይዤልህ ልምጣ?»

«የለም፣ እንዳያጠፉት። ከአፕዴቱ ወዲህ ምን ሠራችሁበት?»

ጥያቄው ሳያስገርማቸው አልቀረም። የተለመደው ምክር «ፋይል ከጠፋብህ ቶሎ ኮምፒውተሩን አጥፋው» ነው። ለተሰረዘ ፋይል ትክክል ነው፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር አዲስ ነገር እየጻፈ አሮጌውን ይደመስሳልና። አንድ ሁኔታ ላይ ግን ይኸው ምክር ጉዳት ያመጣል። ዊንዶውስ የተጠቃሚውን ፕሮፋይል፣ ማለትም ዴስክቶፑና ፋይሎቹ ያሉበትን የግል ክፍል፣ መክፈት ሲያቅተው ቴምፖራሪ ፕሮፋይል የሚባል ጊዜያዊ ማደሪያ ሰጥቶ ያስገባል። ዴስክቶፑ ባዶ ይሆናል፣ የጀርባው ሥዕል ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ የፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ምንም አይኖርም። የድሮው ፕሮፋይል ግን እዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ችግሩ ያለው ጊዜያዊው ላይ ነው፦ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ሎግ አውት ሲደረግ ወይም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠረጋል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ የተሠራው ወደ ፍላሽ ይወጣል፣ ማጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኩን ለሠራተኛቸው ሰጡልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ኤዲቲንግ ላይ እጁ ፈጣን ነው። «ትናንት የኒካህ ፎቶ ገልብጬ ሠርቼበት ነበር» አለኝ። «አሁን እሱም የለም።»

«ማታ አጥፍተኸው ነው የሄድከው?»

«አዎ።»

የቀረውን ቀስ እያልኩ አወጣጣሁት። ዓርብ ማታ ሲዘጉ ማሽኑ አፕዴት እያደረገ ነበር፤ ትተውት ሄዱ። ሌሊት መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚይዘው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ሲከፍተው ዴስክቶፑ ጥርግ ብሏል፤ ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ማስታወቂያ ብቅ ቢል ኤክሷን ነክቶ ዘጋው። አፕዴቱ ያጸዳው መስሎታል። ቅዳሜ ኒካህ ስለነበር ለማሰብም ጊዜ አልነበረውም። ከካሜራው ካርድ ወደ ፒክቸርስ ገለበጠ፣ መረጠ፣ ቀለም አስተካከለ፣ ማታ አጥፍቶ ሄደ። ያ በጊዜያዊው ማደሪያ የተቀመጠ የቀን ሙሉ ሥራ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ሄደ።

እንዲያ ቢሆንም በነጋታው አንድ ነገር አድኗቸዋል፤ የኢንተርኔቱ ቀርፋፋነት። አንድ የሠፈር ባለሙያ በስልክ «ፎቶ መላሽ ሶፍትዌር አውርዱና ጫኑበት፣ እምቢ ካለ ፎርማት አድርጉት» ብሏቸው ልጁ ማውረድ ጀምሮ ነበር። ጠፋ የተባለው ነገር ያለበት ዲስክ ላይ ፕሮግራም መጫን የሚፈልጉትን ፎቶ በራስ እጅ መደምሰስ ነው። እኔ ጋ ሲደውሉ ገና ግማሽም አልወረደም።

በኋላ ሁለቱም መጡ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገትና ጥምዝምዝ። ልጁ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ ሚኒባሱ ውስጥ ታፋው ላይ አድርጎ ነው ያመጣው። ባለቤቱ ተቀመጡ፣ ቡና ጀባ ሲባሉ እጃቸውን አወዛወዙ።

ዲስኩን ነቅዬ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ለማንበብ ብቻ ሰካሁት። 512 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ነው፣ ዊንዶውስ 476 ብሎ ነው የሚያሳየው። ነፃው ቦታ 40 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩና ዲስኩ ሊሞላ ሲል የሚቀላውን መስመር አሳየኋቸው።

«ይሄ ሁሉ በምን የተያዘ ይመስልዎታል?»

ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ በፎቶ ቤቱ ስም የተሰየመው የድሮው ፕሮፋይል አለ። ከፈትኩት፣ ፒክቸርስ ገባሁ፤ በዓመተ ምሕረትና በሙሽሮች ስም የተደረደረው ሁሉ ቁልቁል ወረደ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ይቺ የገርባዋ ናት፣ እነዚህ የሐርቡዎቹ ናቸው፣ ይሄ ሰውዬ ሒሳብ አልጨረሰም። ቡናውን ያኔ ነው የጠጡት።

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። «ኢንተርኔት ላይ እኮ አፕዴት ፎቶ ያጠፋል ይላል» አለኝ። አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት፣ 1809 የሚባለው፣ የምር የሰው ፋይል ሰርዟል። ፒክቸርስ ወይም ዶክዩመንትስ ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛወሩ፣ ነገር ግን በድሮው ቦታ ፋይል የተዉ ሰዎች ነበሩ፤ አፕዴቱ የድሮውን ፎልደር ትርፍ ነው ብሎ ጠረገው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቁሞ ካስተካከለ በኋላ በኖቬምበር እንደገና አወጣው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ከሌላ አፕዴት በኋላ ብዙ ሰው ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖበት ጮኸ፤ የዚያኛው ነገር ልክ እንደ ጋሼ ኮምፒውተር ነበር፣ ጊዜያዊ ፕሮፋይል፤ ፋይሉ ባብዛኛው አልተነካም። ከውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ያ የዲስክ መስመር ነው። ትልቅ የሥሪት ለውጥ ሲሆን ደግሞ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ፎልደር ይቀራል፣ የቀረ ነገር ካለ እዚያም ይፈለጋል፤ ግን ለ10 ቀን ብቻ ስለሚቆይ «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ ያጸዳው ሰው ራሱን ይወቅሳል።

የድሮውን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጥኩ። ፕሮፋይሉን ማስተካከል ከዚያ ወዲያ ቀላል ነው፤ ረጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ፕሮፋይል ሊስት በሚለው ሥር የእሳቸው አካውንት መጨረሻው ላይ «ባክ» የሚል ቅጥያ ተለጥፎበት ነበር፣ እሱን ማንሳትና ከጊዜያዊው ጋር ቦታ ማለዋወጥ ነው። ኮፒ ሳይደረግ እዚያ የሚነካካ ግን እኔ ሱቅ አይሠራም።

ቀረ የቅዳሜው ኒካህ።

ዲስኩ ላይ እንደማላገኘው ገምቼ ነበር፣ ሞከርኩት፣ የለም። በድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበረ፤ የተሰረዘ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባል ነገር አለ፦ ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ ተለቋል» ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ለፍጥነት የተሠራ ነው። እኛን የሚጎዳን እንዲህ ያለ ቀን ነው።

«ካርዱስ?» አልኩት።

ልጁ ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ሚሞሪ ካርድ አወጣ። እንደ ልማዱ ከገለበጠ በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጎታል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ጉርድ ፎቶ አንስቶበታል። ምን ያህል ሰው እንዳነሳ ስጠይቀው ድምፁ ተቀየረ፤ ብዙ አልነበሩም።

ካርዱ ጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለችው፣ በጥፍር ወደ ታች የምትገፋ። ገፋኋት፤ ከዚያ ወዲያ አንባቢው ካርዱ ላይ አይጽፍበትም። ካርዱን እንዳለ ሙሉ ቅጂውን ወደ ራሴ ዲስክ ቀዳሁና ሥራዬን በቅጂው ላይ ጀመርኩ። ካሜራ ፎርማት ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ ማውጫውን ብቻ ነው የሚደመስሰው፤ ፎቶው ራሱ ይቀመጣል። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ እያንዳንዱ ጄፔግ፣ ማለትም የፎቶ ፋይል፣ ሲጀምር ያለውን ምልክት እየፈለገ ያወጣል። ቀርፋፋ ነው፣ መስኮትም ቁልፍም የሌለው ጥቁር ገጽ ነው፣ ግን አያሳፍርም።

ቁጥሩ መቁጠር ሲጀምር ልጁ ወንበሩን አስጠጋ። የወጡት ፎቶዎች ስማቸው ጠፍቷል፤ ሁሉም በአንድ ፊደልና ረጅም ቁጥር የሚጠሩ ሆነው ተበታትነዋል። ካሜራው የተነሱበትን ሰዓት ፎቶው ውስጥ ስለሚጽፍ ግን በሰዓት ደረደርኳቸው። አዳራሹ አለ። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ፊርማው አለ፣ ሙሽራው ላቡን ሲጠርግ አለ። ከሙሽራዋ ቤት የተነሳው የጠዋቱ ክፍል ግን የለም። ካርዱ ፎርማት ሲደረግ ካሜራው ከመጀመሪያው ቦታ ነው መጻፍ የሚጀምረው፤ የእሑዱ ጉርድ ፎቶዎች የተኙት የቅዳሜ ጠዋት ፎቶዎች ላይ ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «የሙሽራዋ አያት አዳራሽ አልመጡም፤ እግራቸውን ያማቸዋል» አሉ። «ቤት ነው ያነሳናቸው።»

እኔ የምፈልገው አልነበረኝም። ልጁ ነው ያስታወሰው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገና ኤዲት እያደረገ፣ የሙሽራዋ ወንድም «እስኪ ናሙና ላክልኝ» እያለ ሲነዘንዘው ከጠዋቱ ጥቂት ፎቶ በቴሌግራም ልኮለታል። ስልኩን አወጣ፤ አያቷ ነጭ ነጠላ ለብሰው ሙሽራዋን ራሷ ላይ ሲባርኩ፣ ከነቀለሙ የተስተካከለች። አውርደን ስናየው ረጅሙ ጎኗ 1280 ፒክሰል ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ቢልከው ኖሮ ሙሉው ይገኝ ነበር። ኤክስተርናሉን ለመግዛት ሲስማሙ ይህንንም ጨምሬ ነገርኩት፤ ናሙናም ቢሆን በፋይል ላከው፣ ካርድ ደግሞ አልበሙ እስኪወጣ ፎርማት አይደረግም፣ ሁለት ካርድ አቀያይር። የዩፒኤሱን ባትሪ ጋሼ ራሳቸው «ዛሬውኑ» አሉ።

ከሰሞኑ ስለ አያቷ ፎቶ ደውለውልኝ ነበር። ቤተሰቡ ለግድግዳ ትልቅ ፍሬም ይፈልጋል።

«10 በ15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ታምራለች» አልኳቸው። «ከዚያ ከተለጠጠች ፊታቸው ይፈርሳል።»

«እሱን እኔም ነግሬአቸዋለሁ። እናትየዋ አልሰማም አለች።»

«ታዲያ ምን ወሰናችሁ?»

«ልጁን ካሜራ አሲዤ አያትየዋ ቤት ልኬዋለሁ። ሙሽራዋም ልብሱን ለብሳ ትጠብቀዋለች።»